የፎንቆው ሚዛንና የምስክር ዓይን

ለወንድሜ ሚክያስ፣ ደቡብ አፍሪካ

የጌታ ሰላም ካለህበት ይድረስህ። ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ? የሰፈሩ ረብሻስ ጋብ አለ ወይስ አሁንም ሱቅ ውስጥ በር ቆልፋችሁ ነው የምታድሩት? እኛ ደኅና ነን ብዬ አልዋሽህም። ስልክህን ያላነሣሁት ስትቆጣ ትጮሃለህ እንጂ ስለማትሰማ ነው። ይህን ደብዳቤ ነገ ወደ አንተ ለምትበረው ለሳባ ሰጥቻታለሁ፤ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ታናሻችንን ምስክርን እንደ እባብ ነው የቀጠቀጡት፤ እዚያው የሚሠራበት የስንዴ መረከቢያ ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። ገበሬው ተገኘ ቤቱ መዝኖ ያመጣው ሙሉ ኩንታል በምስክር ሚዛን ስምንት ኪሎ ጎደለ። "ሌባ!" ብሎ ሲጮህ ሰልፈኛው ሁሉ ተነሣ። የመጀመሪያው ዱላ የተገኘ ነው፤ የምስክርን የግራ ዓይን ያፈሰሰውም እሱ ነው። ሚዛኑን እንድፈትሽ ተጠርቼ ከሆሳዕና ስደርስ ወንድማችን መሬት ላይ ደም ይተፋ ነበር። ደሜ ፈላ። የያዝኩትን ፒንሳ የተገኘ ግንባር ላይ አሳረፍኩት፤ ፖሊስ ባይገላግለን ኖሮ እገድለው ነበር።

ዓይኑ አልተረፈም። ለጓደኞችህ ደውለህ "ምስክር ከሆስፒታል ይውጣና የተገኘን ሁለት እጅ ስበሩልኝ" ማለትህን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ያኔ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ምስክር ግን አልጋው ላይ ሆኖ "ሐዱ፣ እኔ አልሰረቅሁም፤ ሚዛኑን እዪልኝ" አለኝ። ሄድኩ። ሚዛኑ ሥር ያለው ሴንሰር ክብደት ሲጫነው የሚሰጠው ቮልቴጅ በጣም ትንሽ ነው፤ ኮምፒውተሩ እሷን ነው ወደ ኪሎ የሚቀይራት። እሷ ትንሽ ከተዛነፈች ኪሎው ይዛባል። ሴንሰሩን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ገመዱን ቀየርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ባዶው ሚዛን ላይ የኮረንቲ መለኪያዬን ሰክቼ ቁጭ አልኩ። ቁጥሩ ፀጥ ብሎ ቆየ። ከአጥሩ ወዲያ ብየዳ ብልጭ ሲል ወረደ፤ ብየዳው ሲያቆም ተመለሰ። ደግሞ ብልጭ አለ፣ ደግሞ ወረደ።

ኮረንቲውን ወደ ብየዳ ማሽኑ የሚመልሰው ገመድ የግቢው የብረት አጥር ላይ ታስሯል። የሚዛኑም የመሬት ሽቦ ከዚያው አጥር ጋር ተያይዟል። የብየዳው ኮረንቲ በሚዛኑ ሽቦ በኩል እየዞረ ይመለስ ነበር። የብየዳ ገመዱን ማሰሪያ ከአጥሩ ነቅዬ ጣልኩት፤ ኩንታሉን መልሼ ስመዝነው ሙሉ ኩንታል ሆነ።

ብየዳ ቤቱ የማን እንደሆነ ታውቃለህ። አንተ ማሽን ገዝተህ ያቆምከው፣ የአጎታችን ልጅ ዮሴፍ የሚሠራበት የእኛው ቤት ነው። ዮሴፍን አንገቱን ያዝኩት፤ ከማሽኑ ጋር ላጋጨው ነበር። እያለቀሰ ምን አለኝ መሰለህ? አንተ በቪዲዮ እያየኸው "አዲስ ሽቦ ከምትገዛ አጥሩ ላይ እሰረው፣ እሱም ብረት አይደል?" ብለኸው ኖሯል።

እና አሁን የማንን እጅ ነው የሚሰብሩት? ተገኘ ላነሣው ዱላ ፍርድ ቤት አለ። ሚዛኑ ግን በእርግጥ አጉድሎበታል። አንብበህ እንደጨረስክ ለጓደኞችህ ደውልና አስቁማቸው። እምቢ ካልክ የተገኘ በር ላይ የሚያገኙት እኔን ነው፤ ፒንሳው አሁንም እጄ ላይ ነው። ነገ ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ይቀመጣሉ። ማሰሪያውን ይዤ ገብቼ "የእኛ ነው" እላለሁ።

እማዬ እልፍነሽ ሰላም ብላሃለች፤ ተገኘን ስትረግም ነው የምትውለው፣ ገና አልነገርኳትም። ዮሴፍ አንተን ሰላም ለማለት አፍሯል። ምስክር በቀረው ዓይኑ ይህን አንብቦ "ጋሼን አትቆጪው፣ እሱም አላወቀም" ብሏል፤ እኔ ግን ተቆጥቻለሁ። ተገኘ በዋስ ወጥቶ ግንባሩን በፋሻ እንደተጠቀለለ ቤቱ ተቀምጧል። ኪሎውን ማን እንዳጎደለበት ነገ ከእኔ አፍ ይሰማል።

እህትህ ሐዳሳ
ፎንቆ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.