ጥርሱ የተሞረደው ጫማ

ለክቡር የክለባችን የትጥቅ ክፍል ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እግርዎ ከቢሮዎ ምንጣፍ ሳይወርድ፣ ጉልበትዎም ቁልቁለት ሳያይ ዕድሜዎ እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ። እኔ በተራራ ሩጫ ቡድንዎ ውስጥ «ሽቦው» እያላችሁ የምትጠሩት ቀጭን ልጅ ታላቅ እህት ነኝ። ይህን የምጽፍልዎ እሁድ ስለሚሮጥበት ጫማ ለማመስገን ነው።

፩. ሯጮቹ ምቹና ቀላል ጫማ ይገዛልን ብለው ሲለምኑ ጆሮ ሰጥተው ሰምተዋቸዋል። «ቀላል» የሚለው በሚዛን ስለሚረጋገጥ እሱን ያዙ፤ «ምቹ» የሚለው ሚዛን ላይ ስለማይወጣ ቀረ። የመጣው ጫማ ራስዎ ካወጡት የክብደት መመሪያ ጥቂት በልጦ ሲገኝም፣ መመሪያውን ከማሻሻል ይልቅ የሶሉን ጥርሶች አስሞርደው ክብደቱን ልክ ማስገባትዎ በዕድሜዬ ያላየሁት ብልሃት ነው። ጭቃና እርጥብ ድንጋይ ቆንጥጦ የሚይዘው ያ ጥርስ መሆኑን ለእርስዎ ለማስረዳት አልደፍርም። ጫማው አሁን እንደ ሳህን ጀርባ ልሙጥ ነው።

፪. ልካቸውን ለመውሰድ ልጆቹን በካልሲ ቢሮዎ ውስጥ ቀጥ አድርገው ስላቆሟቸው ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቆመው ሲለኩት ልክ የሆነ ጫማ ቁልቁለት ላይ ጣትን ከጫማው ጫፍ ጋር እያጋጨ እንደሚቀጠቅጥ ቢሮዎ ውስጥ በምን ይታወቃል? የወንድሜ የሁለቱም አውራ ጣቶች ጥፍር ጠቁሮ ወልቋል። እግሩን በሞቀ ውሃ ስዘፈዝፍለት «ተይው እታለም፣ ይለመዳል» ይለኛል። እሱ ሳያየኝ አልቅሻለሁ።

፫. ጫማውን ራስዎ አጥልቀው በኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ካሉ በኋላ «ላባ ነው» ማለትዎን ሰምተን ኮርተናል። ኮሪደሩ በእርግጥ ደረቅ ነው። የእሁዱ መንገድ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ፣ በአንድ ጎኑ ገደል ያለበት ቁልቁለት ነው፤ ዝናቡም ሳምንቱን ሙሉ አላባራም። ባለፈው ልምምድ የቡድኑ አንጋፋ ሯጭ እዚያው ገደሉ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቶ ቁጥቋጦ ጨብጦ ተረፈ። በማግስቱ ከቢሮዎ የደረሰው ደብዳቤ ወደፊት አካሄዱን እንዲያስተካክል ይመክረዋል። ቁጥቋጦውም ከሥሩ ተነቅሏልና ለቀጣዩ ሰው አይደርስም።

፬. የራሱን ጫማ አድርጎ የተገኘ ከቡድኑ ይሰረዛል ብለው የለጠፉት ማስታወቂያ እንዴት ያለ አባታዊ ጥንቃቄ ነው! ወንድሜ አሮጌ፣ ጥርሱ ያልተነካ ጫማ አልጋው ሥር አለው። እሱን አድርግ ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። ከሩጫ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ከቡድኑ ከወጣ መግቢያ የለውም። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። እሁድ ሳይደርስ ያንኑ ጫማ አድርገው እስከ መታጠፊያው ብቻ ይውረዱ። ተመልሰው ከወጡ ዳግመኛ አልጽፍልዎም።

የሞረድዎ አድናቂ፣ የደጃፍዎ ተመላላሽ፣ እስከ እሁድ ድረስ ደግሞ
የሽቦው እህት

ማሳሰቢያ፦ የውድድሩን ካርታ ሰሌዳው ላይ አየሁት። አምቡላንሱ የሚቆመው መድረሻው መስመር ላይ ነው። እስከዚያ በእግሩ የደረሰ ልጅ አምቡላንስ ምን ያደርግለታል? ገደሉ ግርጌ ያቁሙልን።