ቀድሞ ለታማሚው ይነገር፦ የሲስተር ዙበይዳ ጣሃ የሕይወት ታሪክ

ሲስተር ዙበይዳ ከአባታቸው ከሼህ ጣሃ ሙሐመድዘይን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋጡሜ እንድሪስ በ1954 ዓ.ም. ከከሚሴ ወጣ ብሎ በጨፋ ሸለቆ፣ በቦርከና ወንዝ ዳር ባለች መንደር ተወለዱ። በተወለዱበት ማለዳ ሸለቆውን ጉም ሞልቶት ከብቶቹ ሳይታዩ ድምፃቸው ብቻ ይሰማ እንደነበር እናታቸው እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ያወሩት ነበር። እሳቸውም ከዚያ ጉም ጨርሰው የወጡ አይመስሉም። እያወሯቸው ዓይናቸው ራቅ ይላል፤ ያዩትን ሕልም ሳይናገሩም ቁርስ አይቀምሱም። ቤተሰቡ ቁርሱ እየቀዘቀዘበት ያዳምጣል፣ ምን ያድርግ!

ቁርኣን በአባታቸው ዘንድ ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን በከሚሴ ተከታትለው፣ በ1975 ዓ.ም. በደሴ በነርስነት ተመረቁ። በ1977 ዓ.ም. በሰንበቴ ገበያ ከብት ከሚነግዱት ከአቶ ሙኽታር ሰይድ ጋር ኒካሕ አስረው ሚፍታህንና ሩመይሳን አፈሩ። አቶ ሙኽታር የበሬን ሕመም ከአረማመዱ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ጉንፋን ግን ያለ ሲስተር አይድንላቸውም ነበር።

በ1991 ዓ.ም. በኤርትራው ጦርነት ጊዜ ነርስ ሲፈለግ ወደ አንድ የጦር ሆስፒታል ተዛወሩ። ሪድዋን የሚባለውን ወጣት ወታደር ያገኙት እዚያ ነው። ልጁ የባቲ አካባቢ ተወላጅ ነበር፤ ከእናቱ ጋር ተኮራርፎ፣ ዱአ ሳያስደርግ ነው የዘመተው። የቆሰለው ሆዱ ላይ ነበር። እንደማይተርፍ ሐኪሙ ያውቃል፤ ለአዛዡም ተነግሯል። ለእሱ ግን የነገረው አልነበረም፤ የዚያን ጊዜ ልማዱ ይኸው ነበርና።

አንድ ጠዋት ሪድዋን ሕልሙን ነገራቸው። እናቱ ከወንዝ ማዶ ቆመው አንድ ነገር ይሉታል፤ የውሃው ድምፅ አላሰማውም። ከዚያም እጃቸውን ይዞ፣ «ሲስተር፣ ዹጋ ነቲ ሂሚ፤ እውነቱን ንገሪኝ። አልድንም?» አላቸው።

እንዳይናገሩ ታዘው ነበር። «አብሽር፣ ትድናለህ» አሉት። ልጁም አመናቸው፤ ለእናቱ መልእክት ሳይልክ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ሳይል ሞተ። በእኛ አገር ሰው እሱ የበደለውን አውፍ አስብሎ፣ እሱን የበደለውንም አውፍ ብሎ ነው መሄድ ያለበት። እናትየው ወይዘሮ ዘይና አስከሬኑ ላይ ደርሰው፣ «ሳንባባል! ሳንባባል ቀረን!» እያሉ ሲያለቅሱ ሲስተር ዙበይዳ ከበሩ ጀርባ ቆመው ነበር። ወጥተው ሕልሙን ለመናገር ጉልበት አጡ።

ከዚያ በኋላ ያ ወንዝ የእሳቸው ሕልም ሆነ። ማዶ ያለው ሰው ይለዋወጣል፤ ውሃው ግን ያው ነው።

ነገሩን በግምገማ ላይ አነሱት። አንድ ኃላፊ፣ «ወታደር የመንግሥት ነው፤ ሕመሙም የሚነገረው ለአለቃው ነው» አሏቸው።

«ሰውየው የመንግሥት ይሁን፤ ሞቱ ግን የራሱ ነው» አሉ ሲስተር። «አውፍ የሚባባልበትን ጊዜ ማን ይመልስለታል?»

በዚህ ምክንያት ከዋርድ ተነስተው አንሶላ ቤት ተመደቡ። አንሶላውን እያጠፉም ዝም አላሉም፤ በየግምገማው እጃቸውን ሲያወጡ ሰዉ ቀድሞ ይስቅ ነበር። ዓመታት አልፈው አዲስ ኃላፊ ሲመጡ ሰሟቸው፤ ወደ ዋርድም መለሷቸው። በዚያ ሆስፒታል ሕመሙ ቀድሞ ለታማሚው፣ በሚገባው ቋንቋ፣ እሱ በመረጠው ሰው ፊት እንዲነገር ተወሰነ። ሳይጠየቅና ሳይፈቅድም ቢላ እንዳይነካው። ተራ ወታደርም ሆነ መኮንን፣ ለሁሉም እኩል። በ2014 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ሲያስተረጉሙ የኖሩት ራሳቸው ነበሩ።

ባለፈው ጥቅምት ሆዳቸውን ሲያማቸው እዚያው ሆስፒታል ተወሰዱ። ሐኪሙ ዶክተር ኢልያስ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ልጃቸው ሚፍታህ ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ «እንዳትነግራት፣ በአላህ!» ብሎ ለመነው። ያው ወግ ነው፣ ፍቅርም ነው። ሐኪሙም ደንቡን ትቶ እሺ አለው፤ ለእሳቸው ጨጓራ ነው ተባለ። ከሚሴ ሁሉ ሲያውቅ እሳቸው ብቻ አያውቁም ተብሎ፣ ጠያቂው በር ላይ እንባውን ጠርጎ እየገባ ለጨጓራ ነው ያለውን አብሽ ያስጠጣቸው ነበር። እሳቸውም ይጠጣሉ።

አንድ ጠዋት ግን ቁርስ ቀርቦ ሕልማቸውን ተናገሩ። «ዛሬ ወዲህ ማዶ፣ በዚያ ወታደር ቦታ ያለሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ማዶ የምትጮሁት እናንተ ናችሁ፤ የምትሉት አይሰማኝም።» ማንም አልጎረሰም። በማግስቱ ዶክተር ኢልያስ ፊት ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ታማሚዋ እኔ ነኝ» አሉት። ሐኪሙ ሚፍታህን አየው። ሚፍታህም አንገቱን ደፋ። ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፦ ካንሰሩን፣ መስፋፋቱን፣ ኦፕራሲዮን ቢደረጉ ሊገኝ የሚችለውን ትንሽ ዕድል።

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ ጊዜ አለኝ» አሉ። ኦፕራሲዮኑን አልፈልግም ብለው ቤታቸው ገቡ። ሚፍታህን ቀድመው አውፍ ያሉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በአቶ ሙኽታር ክንድ ተደግፈው ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የሰንበቴ ነጋዴዎችን ሳይቀር እየዞሩ «አውፍ በሉኝ» አሉ። በመጨረሻም ባቲ ወረዱ።

ወይዘሮ ዘይና በጣም አርጅተዋል። ሲስተር ዙበይዳ እግራቸው ሥር ቁጭ ብለው «ትድናለህ» ማለታቸውን ተናዘዙ፤ ያን ሁሉ ዘመን ይዘውት የኖሩትን የሪድዋንን ሕልምም ነገሯቸው። እናትም የሲስተርን እጅ ያዙ። «ማዶ ሆኜ ምን እላለሁ፣ ልጄ? አውፍ ነው የምለው! በሄደ ዕለት ነው አውፍ ያልኩት፤ ብቻ በልቤ ነበር፣ ድምፅ አውጥቼ አልነበረም። አንቺንም ረቢ ሲፍ ሃ አራራሙ፣ አላህ ይማርሽ፤ አውፍ ብየሻለሁ» አሏቸው። ሁለቱም አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ ሲስተር ዙበይዳ ቁርስ ላይ የሚናገሩት ሕልም አልነበራቸውም። «ደህና ተኛሁ» ብቻ ይሉ ነበር። ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉሙ ከጨፋ ሳይነሳ በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አኼራ ሄዱ። ባለቤታቸው አቶ ሙኽታር፣ ልጆቻቸው ሚፍታህና ሩመይሳ፣ የልጅ ልጆቻቸውም ናፍቆታቸውን ይዘው ቀርተዋል። አላህ ቀብራቸውን ሰፊ፣ ማረፊያቸውን ጀነተል ፊርደውስ ያድርግላቸው።

ሲስተር ዙበይዳ ዞረው ያላገኟችሁ ካላችሁ ቤተሰቡ በእሳቸው ስም ይጠይቃችኋል፦ አውፍ በሏቸው። በልባችሁ ብቻ አይሁን፤ ድምፅ አውጥታችሁ በሉት።