አባባ ዕድሩን በስሜ አዛወረ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ እፀገነት፣ ሰመራ

እፀዬ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት ይዟችኋል? ትንሹን ኖላዊን ሽፍታው ለቀቀው? ባልሽ ሚሳኤልስ ወገቡን ተሻለው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ አባባ ደህና ነው፤ እኔ ደህና አይደለሁም።

በስልክ ልነግርሽ ሦስቴ ደውዬ፣ ሦስቴም ስለ በርበሬ አውርተን ዘጋን። ኮንዶሚኒየም ምስጢር አያውቅም፤ እትዬ ሙፊዳን ከግድግዳው ወዲያ ሲያስነጥሳቸው አባባ ከዚህ ሆኖ ይማርዎት ይላል። ስለዚህ ጻፍኩልሽ፤ የሚሳኤል ጓደኛ ሹፌሩ ጆኒ ያደርስልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቪዛ ወጣልኝ። ጀርመን አገር፣ ደመወዝ እየከፈሉ አረጋውያን መንከባከብ የሚያስተምሩበት ቦታ ተቀብሎኛል። ከሥራ በኋላ መካኒሳ የሂሳብ ኮርስ እማራለሁ ያልኳችሁ ውሸት ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የተማርኩት ጀርመንኛ ነው። ታውቂያለሽ፣ የውጭ ጉዞ ነገር ቪዛው ፓስፖርት ላይ ሳይመታ አይወራም፤ የሰው ዓይን ያሰናክላል ይባላል። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ለምን ትሄጃለሽ ብትይኝ፣ የከፋ ነገር ደርሶብኝ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አራት ዓመት እዚያው ፋርማሲ ቆሜ ለሰው መድኃኒት ሳቀብል ነገዬን ከዛሬዬ መለየት አቃተኝ።

ባለፈው እሑድ አባባ ተከተይኝ ብሎ ዕድር ስብሰባ ወሰደኝ። የምሸከምለት ዕቃ ይኖር ይሆናል ብዬ ሄድኩ። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ጉልበቱን ይዞ ተነሳና፣ እኔ ደክሞኛል፣ ከዛሬ ጀምሮ ስሜን ሰርዛችሁ የልጄን ጻፉ አለ። ታላቋ ትዳሯን ይዛ ሩቅ ናት፣ ይቺ ግን አለችልኝ፣ የምትቀብረኝም እሷ ናት አለ። ጸሐፊው አቶ ለሊሳ መዝገቡን ገለጡ፣ ሰው አጨበጨበ። ምን ልበል? ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት ቦርሳዬ ውስጥ እያለ ፈረምኩ።

ከዚያ ወዲህ አባባን ባሳለው ቁጥር የያዝኩትን ትቼ ላየው እሮጣለሁ። የራሴን አባት ጥዬ የሰው አባት ላጥብ፣ የሰው አባት ላጎርስ ነው። እንደዚህ ያለ ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ይቅርብኝ ብዬ ለትምህርት ቤቱ ልጽፍ እጀምርና መልሼ እሰርዘዋለሁ። ብቀር አባባን ቀስ በቀስ እንዳልቀየመው እሰጋለሁ፤ ይሄ ደግሞ ከመሄዱ ብሶ ያስፈራኛል።

በረራዬ ነሐሴ ሃያ ነው። እባክሽ ከዚያ በፊት ነይ። አባባን ውሰጂልኝ አልልሽም፤ ከጀሞ እንደማይነቀል እናውቃለን። ስነግረው ብቻ አጠገቤ ቁጭ በይልኝ። ብቻዬን ከሆንኩ ዓይኑን አይቼ የምዋሸው ይመስለኛል፤ ውሸቱን ደግሞ ለምጄዋለሁ። እሄዳለሁ፣ እፀዬ። ይኸው ጻፍኩት፤ በአፌ ግን እስካሁን ለማንም አላልኩትም።

ሚሳኤልን ሰላም በይልኝ፤ ከባድ ነገር አያንሳ። ኖላዊን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። እትዬ ሙፊዳ ባገኙኝ ቁጥር ስለ አንቺ ይጠይቁኛል። አባባም ሰላም ብሎሻል ብዬ እንዳልጽፍ፣ መጻፌን አያውቅም።

እህትሽ ትሕትና አባይነህ
ጀሞ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.