አሥራ ሁለት ጊዜ ብልጭ ያለው ጥቁር መስኮት

ሰኞ

«ይሄ ቫይረስ የቆላ ነው፤ የዳባትን ብርድ አይችለውም።» ዓርብ ዕለት የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ሞላ ለሌላ ደንበኛ ሲነግረው ሰማሁ። አመንኩት። ወባም እኮ እዚህ ድረስ አትወጣም። የቢሮውን መስኮት ከፍቼ ኮምፒውተሩን ሁለት ሌሊት ብርድ ላይ አሳደርኩት።

ዛሬ ጠዋት ቫይረሱ ደህና ነው። ጉንፋን የያዘው እኔን ነው።

ሁኔታው እንዲህ ነው፦ ፋይል ያለበትን ማኅደር ልከፍት ስል መስኮቱ ይመጣል፣ ያየኛል፣ ይዘጋል። መቅዳት የለም፣ መጎተት የለም። የሚከፈት አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ እሱም የመረጃ መተንተኛው ፕሮግራም። ዓርብ የጎንደሩ ቴክኒሻን መጥቶ ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ያጥበዋል። ያልወጣ ነገር አብሮ ይታጠባል። ያለፈው ዓመት መረጃ በሙሉ ያለው ደግሞ እዚህ ብቻ ነው፤ መረጃው የሚሞላባቸው ታብሌቶች በየወሩ እዚህ ከተራገፉ በኋላ ይጠረጋሉ።

ኃላፊያችን ከጎንደር ደውለው ነበር። የዓመቱ መረጃ እስከ ዓርብ ካልደረሳቸው የመረጃ ሰብሳቢያችን የጌጤ ቅጥር አይታደስም አሉ። ድምፃቸው ትሑት ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር የሚናገሩ ሰዎች ድምፃቸው ሁልጊዜ ትሑት ነው።

ማክሰኞ

ጌጤ መጣች። ስንት ገደል ወርዳ፣ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ማን ተወለደ ማን ሞተ ብላ የምትጠይቀው እሷ ናት። የኔ ሥራ መቀመጥ ነው። ኮምፒውተሩን እንደ ታመመ በሬ ዙሪያውን ዞራ አየችው።

«አያ ደምሴ፣ እኔ እግሬን ሰጥቻለሁ። አንተ ጣትህን ስጥ» አለችኝ።

ጉዳዩ ቅጥሩ ብቻ አይደለም። አለቃ ተገኘ የሚባሉም አሉ። ገደሉ አፋፍ ላይ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለዓመታት አልቆጠርም ብለው ቆይተዋል። «ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር መቅሰፍት መጣ፤ አንቺ ከዳዊት ትበልጫለሽ?» እያሉ ነበር የሚመልሷት። እሷ ግን በሩፋኤል ዕለት ዶፉ ሲወርድ ደጃቸው ሄዳ ቆመች። ያን ቀን የሚዘንበው ጠበል ነው። ጠበል የወረደባትን ሴት ከደጅ መመለስ ደግሞ አለቃ አይሆንላቸውም። አስገቧት። ቤተሰባቸውን ተናገሩ፤ የሞቱትን ልጆቻቸውን ስም ሳይቀር አንድ በአንድ። ሲጨርሱ፣ «አንዴ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛ ብትመጪ የማነብልሽ ዳዊት ነው» አሏት።

ይህን ስትነግረኝ የነጠላዋን ጫፍ እየጠመዘዘች ነበር። ከዚያ መብራት ጠፋ። ቀኑን ሙሉ የፕሮግራሙን መመሪያ መጽሐፍ አነበብኩ። ወፍራም ነው፤ በቁመናው ስንክሳር ይመስላል፣ ተአምሩ ግን ትንሽ ነው።

ረቡዕ

ተአምር ተገኘ።

መመሪያው እንደሚለው፣ በፕሮግራሙ ውስጥ መስመሩን በቃለ አጋኖ ከጀመርከው ፕሮግራሙ ለራሱ አይወስደውም፤ ለኮምፒውተሩ ያሳልፍለታል። ማለትም በተዘጋው በር ፋንታ በጓዳ በኩል «ይህን ፋይል ወደዚያ ቅዳ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ልክ አለቃን በልጅ በኩል ከቤት እንደ ማስጠራት።

ጻፍኩ። ጥቁር መስኮት ብልጭ አለና ጠፋ። ተሠራም አልተሠራም አይልም። እንደ አማች ዝም። ከጎንደር በተላከው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ላይ ፈለግኩ፤ ባዶ ነው።

እስከ ምሳ የሞከርኩት፦
— ደግሜ ጻፍኩ። ዝም።
— በቁጣ ጻፍኩ። ዝም።
— ዲስኩን ነቅዬ ሰካሁ። ዝም።
— ጉንፋኔን ተናፈጥኩ። በመጠኑ ረዳኝ።

ከምሳ በኋላ ገባኝ። የማኅደሩ ስም ሁለት ቃል ነው፣ በመካከሉ ክፍት ቦታ አለው። ኮምፒውተሩ ስሙን ከአባት ስም ለይቶ እንደ ሁለት ሰው ቆጥሮታል። በትምህርተ ጥቅስ አሰርኩለት። ብልጭ። ዲስኩ ላይ አንድ ፋይል! ብቻዬን አጨበጨብኩ። የጥበቃው ጋሽ ውቤ በመስኮት አየኝና፣ «ጉንፋኑ ወደ ራስህ ወጥቷል መሰል» አለ።

ሐሙስ

ፋይሎቹ ብዙ ናቸው፣ መብራቱ ደግሞ የሚታመን አይደለም። አንድ በአንድ ብጽፍ ዓርብ ይቀድመኛል። መረጃው በየወሩ ማኅደር ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፤ ለየማኅደሩ የወሩ ቁጥር ተሰጥቶታል። መመሪያው ላይ ልክ ለዚህ የሚሆን ምሳሌ አገኘሁ፦ ከ1 እስከ 12 እየቆጠርክ፣ ለእያንዳንዱ ወር ያንኑ ትእዛዝ ድገም። እንዳለ ወሰድኩት። ምን ላሻሽለው? የጻፈው ሰው ከኔ ያውቃል።

ጥቁሩ መስኮት ደጋግሞ ብልጭ አለ፣ እንደ ሐምሌ መብረቅ። ነጎድጓድ ብቻ ነው የጎደለው።

ፕሮግራሙ ዝም ባይ ስለሆነ አላመንኩትም። ዲስኩ ላይ ያለውን ከዚያው ከፕሮግራሙ ከፍቼ አየሁ። መስከረም፣ አለ። ጥር፣ አለ። ነሐሴ፣ አለ። ዓመቱ ሞላ። መብራቱ የጠፋው ከጨረስኩ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት ከመብራት አይቼ አላውቅም።

ዓርብ

ጌጤ ዲስኩን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በነጠላ ደግማ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር ሄደች። ረዳቱ «ይሄ ዕቃ ከላይ ይጫን» ቢላት፣ «አንተ ራስህ ከላይ ተጫን» እንዳለችው በስልክ ነገረችኝ።

ቴክኒሻኑ ከምሳ በፊት ደረሰ። «የምታስቀረው አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ። አጠበው። አሁን ኮምፒውተሩ እንደ ተጠመቀ ሕፃን ንጹሕ ነው፤ ምንም አያስታውስም።

ወደ ማታ ኃላፊያችን ደወሉ። ዲስኩ ተከፍቷል፣ ፋይሎቹ ይነበባሉ፣ የጌጤ ቅጥር ታድሷል። በትሕትና ነው የተናገሩት። የዛሬው ትሕትናቸው አላስከፋኝም።

ቅዳሜ

ጌጤ ከገበያ ስትመለስ ቤቴ ጎራ አለች። ለጉንፋኔ ነጭ ሽንኩርት ይዛልኛለች። አዲስ ጫማ አድርጋለች፤ ለሚመጣው ዓመት ገደል ነው አለች። ሞላም አብሯት ነበር፤ ቫይረሱ የሞተው መስኮት በመክፈቴ መሆኑን ለሰው ሁሉ እያወራ ነው። አልተከራከርኩትም። ደስ ብሎኝ ስለነበር ማንንም «እውነትህን ነው» ለማለት ዝግጁ ነበርኩ።

ስትወጣ ደፍ ላይ ቆመች። «የአለቃ ነገርስ፣ አያ ደምሴ? የልጆቹ ስም ደህና ገባ?»

«ከመስከረም እስከ ነሐሴ አንድም አልቀረ» አልኳት። መርቃኝ ሄደች።

ነጭ ሽንኩርቱን እየላጥኩ ነው። ሩፋኤል የሚውለው ጳጉሜ ሦስት ነው። ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ወር ነው።