ከአጥሩ ውጪ የቀረችው

ቬልደን፣ ካንሳስ
እሑድ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1961

ውድ ወንድሜ ሄልሙት፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆችህስ? ኦሪገን ዝናብ አይለያትም ሲሉ እሰማለሁ፤ ጉልበትህን አደራ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጆሮዬ ትንሽ ከበድ ከማለቱ በቀር። የእጅ ጽሑፌን ስታይ እንዳትደነግጥ፤ የአባባን ሞት ከጻፍኩልህ ወዲህ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ።

መንግሥት ግድቡን ሊጨርስ ነው። በመጪው ጸደይ ቬልደን ውሃ ውስጥ ትገባለች። የባቡሩ ሐዲድ ተነቅሏል፣ ወፍጮ ቤቱ ፈርሷል። ቤተ ክርስቲያናችንን ከመሠረቷ አንሥተው በከባድ መኪና ኮረብታው ላይ አወጧት። ደወሉ መንገድ ላይ በራሱ አንዴ ጮኸ፤ ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ተራው የሙታን ሆነ። ቀያሹ ሚስተር ፕራት ባለፈው ወር ሰበሰበንና ከመቃብሩ የሚነሡትን ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች አነበበ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች፣ በኮሌራ ካለቁት ጀምሮ። “የቀረ ካለ ተናገሩ” አለን። ኤርቪን ላንገ፣ ያ የልጅነት ጓደኛህ፣ አሁን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነው፤ “ሙሉ ነው” አለ። ማንም ወደ እኔ ዞር አላለም። ሆን ብለው እንደሆነ ታወቀኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት አባባን አወጡት። በአዲስ ሳጥን አድርገው መኪና ላይ ሲጭኑት አጠገቡ ቆሜ ነበር። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ዓይኔ ወደ ሰሜኑ አጥር ሄደ። ከአጥሩ ውጪ፣ ሣሩ ውስጥ፣ እማማ ብቻዋን ቀረች። በገዛ እጇ ሞተች ተብላ ከክርስቲያን መካከል የተከለከለችው እናታችን፣ አሁን ደግሞ ውሃ ሊተኛባት ነው። ወደ ቀያሹ ሄድኩ።

“አንድ ሰው ቀርቷል” አልኩት ሚስተር ፕራትን።

“የት?”

“ከአጥሩ ውጪ።”

ኤርቪን ሰምቶ መጣ። “አልማ፣ ተይው እንጂ! ሃያ ዘጠኝ ዓመት የተኛ ነገር ምን ትቀሰቅሻለሽ? አባትሽ ራሱ አይደል እዚያ ያደረጋት?”

“አንተ የዶሮ ቤትህን ሳይቀር ኮረብታ አስወጥተህ፣ እናቴን ለዓሣ ተያት ትለኛለህ?”

ቆፋሪዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ዕንባዬ መጣ።

ሚስተር ፕራት አልሳቀም። “ምልክት አላት፣ ወይዘሪት አልማ?” አለኝ።

ምልክት የላትም። ያቆምክላትን ድንጋይ አባባ ነቅሎ ወንዝ የጣለው ቀን ነው አንተም ቤቱን ጥለህ የሄድከው። ቦታውን ግን አውቀው ነበር። እንዴት እንዳወቅኩ ልንገርህ፤ ወረቀት ያስነሣኝም ይኸው ነው።

አባባ ሊሞት አምስት ወር ሲቀረው ክንዴን ይዞ እዚያ ወሰደኝ። ከማዕዘኑ ምሰሶ ተነሥቶ አሥራ አራት እርምጃ ወደ ምሥራቅ ቆጠረ። “እዚህ ናት። ሰው ሳያየኝ እየመጣሁ አያት ነበር” አለኝ። ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። “ለሄልሙት ጻፊለት። ይምጣ። ድንጋዩን አብረን እንመልሳለን በይው።”

አልጻፍኩልህም። ነገ ነገ እያልኩ አይደለም፤ አውቄ ነው። ስትሄድ እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር። ላሞቹን ያለብኩት እኔ፣ እሱን ያጠብኩት እኔ፤ የይቅርታው ቀን ሲደርስ ግን የተጠራኸው አንተ። በየቀኑ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ መንገዱን ሲያይ አየው ነበር። እያየሁ ዝም አልኩት።

ሐሙስ ዕለት አሥራ አራቱን እርምጃ እኔው ቆጠርኩ። የአባባ እርምጃ ከእኔ ይረዝም ስለነበር ቆፋሪዎቹ ሁለት ጊዜ ሳቱ። በሦስተኛው አገኟት። የቀረውን አልጽፍልህም፤ የፀጉር ማበጠሪያዋ ግን እንዳለ ነው።

ሚስተር ፕራት ስሟን ጠየቀኝ። “ሚና ሮይተር” አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ ስሟን ጮክ ብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ሳጥኗ ሲነሣ ኤርቪን ባርኔጣውን አስቀምጦ በአንድ በኩል ያዘ።

አሁን ኮረብታው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናት። ፓስተር ዚመር “ከባሏ ጎን ትሁን ወይስ ለብቻዋ?” ብሎ ጠየቀኝ። ያን የምመልሰው እኔ ብቻዬን አይደለሁም። እስከዚህ ወር 29ኛ ቀን፣ እስከ ቅዳሜው፣ እጠብቅሻለሁ ብሎኛል። ባቡሩ የሚደርሰው እስከ ሃርትሊ ብቻ ነው። ጻፍክልኝም አልጻፍክልኝ ከዚያ በፊት ካለው ረቡዕ ጀምሮ በየቀኑ ጣቢያው ላይ እገኛለሁ።

ባትመጣም አልፈርድብህም። እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልጆችህን ተኳርፈው ከመቅረት ይሰውርልህ።

እህትህ
አልማ