ዮናስን ጾም ያስገደፍኩበት የህንድ ምግብ ቤት

ሰኞ፣ ጥቅ. 3፣ ከሥራ መልስ

ዛሬም ፈጢራ በማር። ደብተሬ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ያው ፈጢራ፣ ያው ወንበር፣ ያው ዮናስ። ፈጢራው ይጣፍጣል፣ ዮናስም እንከን አይወጣለትም። ግን በኮሪያ ፊልም ሰው ኑድል በቀጭን እንጨት ሲበላ ሳይ፣ እኔ ምን በደልኩ እላለሁ። ነገርኩት። ሳቀና ዓርብ አንቺ ምረጪ አለኝ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ አ.አ. ያመለከተው የመምህርነት ሥራ እንደተሳካለት፣ በወሩ መጨረሻ እንደሚሄድ ነገረኝ። ስለ እኔ ምንም። ቤተሰቡ እኔ መኖሬንም አያውቅም። ፈጢራዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 5፣ ፋርማሲ ውስጥ፣ ደንበኛ የለም

ፍለጋ ላይ ነኝ። አንድ ሆቴል ያለው የቻይና ምግብ፦ ዋጋውን አይቼ ስልኬን ዘጋሁት። የኮሪያ እስካሁን አላገኘሁም። በመጨረሻ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ የድሮ ቪላ ግቢ ውስጥ፣ የህንድ ቤት። ባለቤቷ ኸዲጃ የድሬ ልጅ ናት፤ ዓረብ አገር ህንዶች ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርታ ሙያቸውን ይዛ መጥታለች። ዋጋዋ የሰው ዋጋ ነው። በሩ ላይ ሥጋ የሌለበት ምግብ አለን ይላል። ዮናስ የቄስ ልጅ ነው፣ ዓርብና ረቡዕ ላይ ቀልድ አያውቅም። ገጠመልኝ። ሰማያዊውን ቀሚስ ለካሁት፤ ጠቦኛል። ፈጢራው ነው።

ዓርብ፣ ጥቅ. 7፣ ምሽት 2፡00

ጉድ ሆኛለሁ። አጀማመሩ ቆንጆ ነበር። ሙቀቱ ጋብ ብሏል፣ ዮናስ ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። ቆስጣ በሚመስል አረንጓዴ ወጥ ውስጥ ነጫጭ ቁራጭ ነገር መጣ። ድንች ነው አልኩት፣ በሙሉ ልብ። በቂጣቸው ጠቅልዬ አጎረስኩት። ጣፈጠው፣ ደገምኩት። ኸዲጃ መጣችና አይቡን ራሷ እንደምትሠራው እየሣቀች ነገረችን።

አይብ። በዓርብ። ህንዶቹ ሥጋ ተዉ እንጂ ወተት መች ተዉ። መድኃኒት ውስጥ ምን እንዳለ ሳነብ የምውለው ሴት፣ የምግቡን መጠየቅ አልመጣልኝም። ዮናስ ተነስቶ እጁን ታጠበ። ኸዲጃ ደነገጠች፤ «አቦ፣ ጾም ነን ብትሉኝ ምናለ» አለችን። በዘይት የተሠራ ምስር አመጣች፣ ሒሳብ አልቀበልም ብላ። በላን። ባጃጅ ውስጥ እስከ ቤቴ ሦስት ቃል ቢናገር ነው። ስለ አ.አ. ልጠይቀው ነበር ያሰብኩት። በየት በኩል። ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ትንሽ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 8

አልደወለም። ስልኬ ኔትወርክ እንዳለው አራቴ አየሁ። አለው።

እሑድ፣ ጥቅ. 9፣ ከሰዓት

ደወለ። ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቱ ዘንድ ሄዶ ተናዟል። አባ ማን አጎረሰህ አሉት። አንዲት ልጅ። የምን ልጅ? ከመቼ ጀምሮ? ሦስት ዓመት እየተናዘዘ እኔን ዘሎኛል ለካ። ለአይቡ ሠላሳ ስግደት፣ ለእኔ ሦስት መቶ። ከዚያ ወይ ተዋት፣ ወይ ሽማግሌ ላክ አሉት። የዓርቡ ዝምታ ቁጣ አልነበረም፤ እኔን ሳያነሳ አይቡን እንዴት እንደሚናዘዝ ግራ ገብቶት ነው። ሣቄ አመለጠኝ።

ምሳ ላይ ለአባቱና ለእናቱ ነግሯቸዋል። የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ቢመጣ ትቀበሉናላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አ.አ. አብረን እንሂድ፣ ካልሆነም እቀራለሁ አለ። መልሼ ልደውል አልኩት።

እሺ ያላልኩበትን ምክንያት ለአንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ፤ እስካሁን አፍሬ አልጻፍኩትም። ቤተሰቡ አያውቀኝም እያልኩ ሳማርር፣ የኔም አባት ዮናስ የሚባል ሰው መኖሩን አያውቅም። እኔም ደብቄዋለሁ፣ እኩል ሦስት ዓመት። የኔን ስግደት ማን ይስገድልኝ።

አባዬ ሳሎን ዜና እየሰማ ነው። እስኪያልቅ አልጠብቅም። አሁኑኑ ገብቼ እነግረዋለሁ።