በጥቁር ልብስ የተቆረጠ የሙሽራ ቀሚስ

ሰኞ

«አንቺ እንዳትነኪው» አለችኝ የሙሽራዋ አክስት፣ ገና ከበሩ ሳትገባ። ጥቁር ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ግን ሐዘን ላይ ያለች ሴት የሙሽራ ቀሚስ አትቆርጥም።»

እውነቷን ነው። ለልጄ ሰርግ ቢሆን እኔም እንዲሁ እል ነበር።

ልጄ ፍረወይኒ ከሞተች ዓመት አልሞላም። ይህን ሱቅ የከፈተችው እሷ ናት። ወፍራም ነበረች። የከተማችንን ቀዳማይ ወያነ ገበያ ዞራ ዞራ የሚበቃት ቀሚስ ስታጣ ለራሷ ሰፋች፤ ከዚያ ለመሰሎቿ። አንገቱ ላይ «ፍረ» የሚል ጨርቅ ታደርግበት ነበር። ከዓዲግራትም ከአዲስ አበባም ሊያዝዟት ጀምረው ነበር። አሁን ሰው የሐዘን ቤት ብሎ ይሸሻል። ይህ ሰርግ ካመለጠን እንዘጋለን። ሙሽራዋ ሄለንም ሚዜዎቿም ወፈር ወፈር ያሉ ናቸው፤ ሚዜዎቹ የሙሽራዋን አይተው ነው የሚወስኑት።

አብራኝ የምትሰፋው ሌተይ ቶሎ ብላ «እኔ ነኝ የምሠራው፤ እሳቸው አይነኩትም» አለች። አክስቲቱ አመነች። ዋሸን።

ማክሰኞ

ሄለን ልትለካ መጣች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀመጥኩ። ሳቂታ ናት። «ሜትሩ ካላዳረሰ ገመድ አምጪ» ትላለች። ሌተይም «ሆድሽን እየሳብሽ አታታልዪኝ!» ትላታለች።

ፍረ ሴት ስትለካ መጀመሪያ አቁማ፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነበር። ወፍራም ሰው ሲቀመጥ ዳሌው ሌላ ነው። ሌተይ ይህን ረሳችው። አክስቲቱ አጠገቧ ስለሆነች «አስቀምጪያት» ማለት አልቻልኩም።

ሲሄዱ ሌተይ «መልሰን እንጥራት?» አለችኝ። «ተዪ፣ አውቀዋለሁ» አልኩና መቀሱን አነሳሁ። እጄ በራሱ ሄደ።

ሐሙስ

ሄለን ቀሚሱን ሞከረችው። ቆማ አማረባት። ቁጭ ስትል ጎኑ ተተረተረ። ድምፁን ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁት።

ሳቋ ቆመ። «እዚህም ለእኔ የሚሆን የለም ማለት ነው» አለች።

ይህን ቃል ከፍረ አፍ ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ወጣሁ። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ። የቆረጥኩት በልጄ ዳሌ ልክ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

አክስቲቱ «ዋይ ኣነ! ሙሽራ ላይ ሞት ሰፋችባት!» ብላ ጮኸች። ሄለንን እጇን ይዛ ጎተተቻት። ሄለን ግን ከበሩ ተመለሰች። «አደይ» አለችኝ፣ እንደ እናቷ፤ «ይስተካከላል?»

«ከተቀመጥሽልኝ።»

ተቀመጠች። ለካኋት። ከፍረ ወዲህ ሰው አቅፌ ለክቼ አላውቅም። ሰውነቷ ይሞቃል።

ዓርብ

አክስቲቱ ደወለች። ሄለን አስቸግራታለች መሰለኝ። «ጥቁሩን አውልቂና ጨርሺው። አለዚያ ሌላ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እናስመጣለን።»

ሌተይ «ሥራው እስኪያልቅ ያውልቁት፣ አደይ» ትላለች። ልጅ ናት። ከሐዘን የወጣ ሰው መልሶ ጥቁር አይለብስም፤ ሌላ ሞት መጥራት ነው። ዓመቷ ሳይደርስ ብወጣ እህቴ ምን ትላለች? ጎረቤትስ? እኔስ?

ቀኑን ሙሉ ሥራ አልነካሁም። ጥቁሩ ለፍረ ነው። ሱቁም የእሷ ነው።

ቅዳሜ

አወለቅኩት።

የእኔን ልብሶች ያኔ ስትሞት ሁሉንም ጥቁር ቀለም አስነክሬያቸዋለሁ። ቤት ውስጥ የተገኘው የፍረ ነጭ ቀሚስ ብቻ ነው። ሁለት እኔን ይይዛል። መቀስ ላስነካው አልቻልኩም፤ በመርፌ ቁልፍ ሰብስቤ ያዝኩት።

መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤት «እሰይ፣ ከሐዘን ወጣሽ?» አለችኝ። እርምጃዬን አፈጠንኩ። እህቴ ከማዶ አይታኝ ፊቷን አዞረች። አልጠራኋትም።

ዳሌው ላይ ጨርቅ ጨምሬ እስኪመሽ ሰፋሁ።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄለን ለበሰችው። ቁጭ አለች። ተነሣች። እንደገና ቁጭ አለች፤ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አሰረች። ምንም አልሆነም። እልልታውን የጀመረችው አክስቲቱ ናት።

ኋላ ቀረብ ብላ የእጅጌዬን ስፌት ዳሰሰችው።

«ይህን ማን ሰፋው?»

«ልጄ።»

ስፌቱን ደግማ ዳሰሰችው። ቀስ ብላ «እኔም እኮ ቀጭን አይደለሁም» አለችኝ።

ሳቅሁ። ወዲያው አፈርኩ።

ነገ ሚዜዎቹ ሊለኩ ይመጣሉ፤ አክስቲቱም አብራ። ሌተይ ከአሁኑ ትዘፍናለች። ጥቁሩን መልሼ መልበስ አልችልም። የፍረን ቀሚስ ደግሞ በየቀኑ ከለበስኩት ያልቃል።